ጡረታ ተብላ የምትቆረጠው ብር የት እንደምትገባ እንዴት ትከታተላላችሁ?

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የተቀጠረ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የሚያማርረው ጡረታ ተብላ በተቆረጠችው ነው። «ገና በ22 ዓመቴ የምን ጡረታ!» እኔም ብያለሁ።

መጀመሪያ ፔሮሉን እዩት። ደመወዛችሁ 10,000 ብር ከሆነ ከእናንተ 7 በመቶ፣ 700 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,100 ብር ይጨምራል። ደመወዝ ተብሎ የተጻፈው 3,000 ብቻ ሆኖ ቀሪው አበል ከተባለ አትደሰቱ፤ መዋጮው የሚሰላው በደመወዙ ነው፣ ኋላ የምትቀበሉትም በዚያው ልክ ይሸረፋል። 60 ሲሞላችሁ 10 ዓመት ያገለገለ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። 30 ዓመት ከሠራችሁ 55 በመቶ መሆኑ ነው።

ሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ደግሞ 10 ዓመቱ አይጠበቅም። አንዱን ማሽን እጁን ቢይዘው ዕድራችን ለቀብር እንጂ በየወሩ ለቤት ኪራይ አይደርስም። ልጁ ከትምህርት ቀርቶ ሊሸከም ይወጣል፣ ባለሱቁም ዱቤው ይቀርበታል። የጡረታ አበሉ ካለ ግን ሱቁም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ አከራይዋም ድርሻቸውን ያገኛሉ። የእናንተ 700 ብር ሳታውቁት የሰፈር ሰው ያኖራል ማለት ነው። (መንዝ ያለው ገበሬ ዘመዳችን የሚቆረጥለት ደመወዝ የለውም፤ ይሄ ሁሌ ይከነክነኛል።)

ቅጽ ስትሞሉ በልደት ቀን አትቀልዱ። እናታችን «የጥምቀት ሰሞን ነው የተወለድከው» ብላን የገመትን ብዙ ነን፤ ግን ኋላ የሚሠራው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁት ነው። የባለቤታችሁና የልጆቻችሁ ስምም መታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን። ሰው ሲሞት የጡረታ አበሉ ግማሽ ለባለቤቱ ነው፣ «ወይንሸት» እና «ወይንእሸት» አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ግን ሐዘንተኛዋ ናት የምትመላለሰው።

የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፣ መዋጮው ገቢ መሆኑንም አልፎ አልፎ ጠይቁ። አንድ የሠራሁበት ቦታ ከሁላችንም እየቆረጠ ገቢ አያደርግም ነበር። የነቃነው አንድ ጓደኛችን ሥራ ሊለቅ ሲል ነው። እሱ የየወሩን ፔሮል በፌስታል ጠቅልሎ አልጋ ሥር ያስቀምጥ ነበር፣ እኛ ስንስቅበት። የተከራከርነው በዚያች ፌስታል ነው።