አንድ በረራ፣ አራት ትዝታ፦ የሲ ኪንግ ነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ባልደረቦችን ታሪክ ለመቅረጽ የተዘጋጀ መመሪያ

የብሪታንያ አየር ኃይል ቢጫ ሲ ኪንግ ሄሊኮፕተሮች ከ1978 ጀምሮ በባሕርና በተራራ አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ሲፈልጉና ሲያወጡ ከኖሩ በኋላ በኦክቶበር 2015 የነፍስ አድን ሥራቸውን አቁመዋል፤ ቀይና ግራጫ የተቀቡት የባሕር ኃይሉ ሄሊኮፕተሮችም ብዙ ሳይቆዩ ተከትለዋቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሄሊኮፕተሩን በሙዚየም ማቆየት ይቻላል፤ ሌሊትና ቀን ይበሩበት የነበሩት ሰዎች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ከሚያውቁትም ውስጥ አብዛኛው በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ይህ መመሪያ ያንን ትዝታ በድምፅ ቀርጾ ለማስቀረት ለሚነሣ ሰው የተጻፈ ነው፤ የቤተሰብ አባል ቢሆን፣ ተማሪ ቢሆን፣ ወይም እንደ እኔ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ የሲ ኪንግ በረራ የአንድ ሰው ትዝታ አለመሆኑ ነው። በሄሊኮፕተሩ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም ያዩት ይለያያል። ከፊት በቀኝ ወንበር ያለው አብራሪ ሄሊኮፕተሩን አየር ላይ አቁሞ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ የማንሻው ገመድ የሚወርደው ከኋላው ባለው የቀኝ በር በኩል ስለሆነ፣ የሚያድነውን ሰው ብዙውን ጊዜ አያየውም። በግራ ያለው ረዳቱ የሞተሮቹን መለኪያዎችና ሬዲዮውን ይከታተላል። ሦስተኛው በጉዞ ላይ ራዳር ያነብባል፤ ቦታው ሲደረስ ከራዳሩ ተነሥቶ በሩ ላይ ሆኖ ገመዱን ያወርዳል። አራተኛው በገመዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ ማዕበሉ ወይም ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ከወረደም በኋላ ላይ ያሉት ጓደኞቹ እርስ በርስ ከሚባባሉት ብዙውን አይሰማም። ስለዚህ አንዱን ብቻ ጠይቆ የበረራውን ታሪክ አገኘሁ ማለት ሩቡን ይዞ ሙሉ ነው እንደ ማለት ነው። አራቱንም ለየብቻቸው ይጠይቋቸው። አንድ ላይ ማስቀመጡ በመጨረሻ ይምጣ፤ ከመጀመሪያው አብረው ከተቀመጡ በማዕረግ የሚበልጠው ሰው ትረካ የሌሎቹን ይውጠዋልና።

ወደ ባለታሪኩ ቤት ከመሄድዎ በፊት የበረራ ደብተራቸውን አውጥተው እንዲጠብቁዎ በስልክ ይጠይቋቸው። ደብተሩ ቀኑን፣ የሄሊኮፕተሩን ቁጥር፣ የበረራውን ሰዓትና አንዳንዴም በአምስትና በስድስት ቃል የተጻፈ ማስታወሻ ይዟል። የሌሊት በረራ ለብቻው ስለሚመዘገብ የትኛው ጉዞ በጨለማ እንደ ተደረገ ወዲያው ይታወቃል። ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የስኳድሮን (የአየር ኃይል ጓድ) የሥራ መዝገቦችን ደግሞ ለንደን ውስጥ ኪው በሚገኘው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ማየት ይቻላል። ይህን ያህል አንብበው ከሄዱ ይበቃል፤ ከመጠን በላይ የተዘጋጀ ጠያቂ መልሱን ራሱ መናገር ይጀምራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ነገር ይወስናል። እኔ የመጀመሪያውን ቃለ ምልልስ ያደረግሁ ዕለት «እጅግ የፈሩበት ቀን የትኛው ነው?» ብዬ ጀመርኩ፤ የተመለሰልኝም ባለታሪኩ ለብዙ ሰው፣ በብዙ ግብዣ ላይ ያወሩት፣ ተሞርዶ ያለቀ ታሪክ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የምጀምረው ከጥሪው ደወል ነው። ተረኛው ቡድን ቀን በ15 ደቂቃ፣ ሌሊት በ45 ደቂቃ ውስጥ መነሣት ነበረበት። ስለዚህ ደወሉ ሲጮህ ምን ይሠሩ እንደ ነበር፣ ቦት ጫማቸው የት እንደ ተቀመጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ምን ትተው እንደ ሮጡ ይጠይቁ። ሰው ጫማውን ካስታወሰ መንገዱን ያስታውሳል፤ ቀጥሎ ያለውን ሳይጠየቅ ይነግርዎታል።

ገመዱን ያወርዱ የነበሩት ሰው ጋ ሲደርሱ ጊዜ ይስጡ፤ ከአራቱ ትዝታዎች በድምፅ ሊቀረጽ እጅግ የሚገባው የእርሳቸው ነው እላለሁ። አብራሪው ከታች ያለውን ስለማያይ፣ ሄሊኮፕተሩን ወደ ቦታው የሚመራው የእኚህ ሰው ድምፅ ብቻ ነበር፦ «ወደፊት አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ባለበት።» አንድ አዛውንት ይህን ቆጠራ እንደዚያን ጊዜው አድርገው እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው። ሻይ ይዘው ሲጫወቱ የነበሩት ሰው ስኒያቸውን አስቀመጡ፤ ድምፃቸው ዝግና ለስላሳ ሆነ፤ ቀኝ እጃቸው ከጠረጴዛው በላይ ግማሽ ተጨብጦ፣ ገመድ በመዳፋቸው ውስጥ የሚያልፍ ይመስል ዝቅ ዝቅ ይል ጀመር። ቆጠራው «ባለበት» ላይ ሲደርስ እጃቸውም ቆመ። እንዲህ ያለውን ነገር መቅረጫው ስለማይይዘው፣ ያዩትን ወዲያው በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፤ ከተፈቀደልዎም በካሜራ ይቅረጹ።

ከዚህ በኋላ ስለ አሠራሩ ይጠይቁ፤ ዝርዝሩ ትዝታን ይቀሰቅሳልና። ሲ ኪንግ በሌሊት ከባሕር በላይ በራሱ መቆጣጠሪያ ዝቅ ብሎ መቆም ይችል ነበር፤ በበሩ አጠገብም ገመድ አውራጁ ሄሊኮፕተሩን ራሱ በጥቂቱ የሚያንቀሳቅስበት ትንሽ እጀታ ነበረው። ያንን እጀታ መጠቀም መቼ ይሻል እንደ ነበር፣ መቼስ በድምፅ መምራት ይመረጥ እንደ ነበር ጠይቁና ክርክሩን አዳምጡ። መርከቡ በሚወዛወዝበት ጊዜ አስቀድሞ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ቀጭን ገመድ ወደ መርከቡ ይወርዳል፤ መርከበኞቹ በእርሱ እየሳቡ ወራጁን ወደ ራሳቸው ያስጠጉታል፤ ገመዱን ከመርከቡ ጋር ማሰር ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። ሄሊኮፕተሩ በበረራ ላይ የኤሌክትሪክ ሙላት ስለሚያጠራቅም፣ የሚወርደው ገመድ ውኃ ወይም መርከብ ነክቶ ሙላቱ ሳይወርድ የነካው ሰው በኃይል ይመታል። በገመድ ይወርዱ የነበሩትን ሰው ስለዚህ ሙላት ይጠይቋቸው፤ መልሱን ከቃላቸው በፊት በፊታቸው ላይ ያዩታል።

ከተቻለ አንዱን ቃለ ምልልስ ሄሊኮፕተሩ ባለበት ያድርጉት። በለንደን የአየር ኃይሉ ሙዚየም ሲ ኪንግ ይገኛል። ወደ ውስጥ ለመግባት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያሻል፤ ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ቆሞ መነጋገሩ ብቻውን ሳሎን ውስጥ ያልመጣውን ነገር ያመጣል።

ስላልዳኑት ሰዎች የሚደረገው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ መዝለሉ ግን ታሪኩን ያጎድለዋል። በዲሴምበር 19 ቀን 1981 ዩኒየን ስታር የተባለች የጭነት መርከብ ሞተሯ ጠፍቶ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኮርንዎል ዳርቻ በማዕበል ስትገፋ፣ ከካልድሮዝ የባሕር ኃይል አየር ጣቢያ የተነሣ ሲ ኪንግ ደርሶላት ነበር። የመርከቧ ምሰሶ በማዕበሉ እየተወዛወዘ ወደ ሄሊኮፕተሩ ስለሚጠጋ ሰዎቹን ማንሣት አልተቻለም። ሊረዳ የወጣው የፔንሊ የነፍስ አድን ጀልባም ጠፋ፤ ከሁለቱ በአጠቃላይ 16 ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈ ሰው ሲናገር ዝም ካለ ዝምታውን በሌላ ጥያቄ አይሙሉት። መቅረጫውን ላቁም ወይ ብለው ይጠይቁ፤ አቁም ካሉ ያቁሙ፤ ርእሱንም እርሳቸው እስኪመለሱበት ይተዉት። በዚያ ቀን ሌላ ቃለ ምልልስ አይያዙ።

የአራቱን ቃል ሲያስተያዩ መለያየት ያገኛሉ። ኦገስት 16 ቀን 2004 በዚያው በኮርንዎል የምትገኘው የቦስካስል መንደር በጎርፍ ስትጥለቀለቅ፣ በርካታ ሄሊኮፕተሮች ከጣሪያና ከዛፍ ላይ 100 ያህል ሰዎችን አንሥተዋል፤ አንድም ሰው አልሞተም። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያን ያህል ሄሊኮፕተር ሲመላለስ፣ የትኛው ቡድን ከየትኛው ጣሪያ ማንን እንዳነሣ በትዝታ ውስጥ መቀላቀሉ አያስደንቅም። ይህን ለመለየት «ወንዙ በየት በኩል ነበር?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ሰዓት ነበር?» ከማለት ይልቅ ይረዳል። ገጹን በአራት ዓምድ ከፍለው የእያንዳንዱን ቃል ጎን ለጎን ያስፍሩ፤ ሳይስማሙ የቀሩበትንም እንዳለ ይተዉት እንጂ አስታርቀው አንድ ታሪክ አይሥሩ።

ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው አንድ ችግር አለ፤ በእንግሊዝኛው የሁለቱ የገመድ ሰዎች መጠሪያ (winch operator እና winchman) ስለሚመሳሰል በትርጉም አንድ ሰው ሆነው ይቀራሉ። እኔ «ገመድ አውራጅ» እና «በገመድ ወራጅ» እላቸዋለሁ፤ ቋንቋችን በአንድ ፊደል የሠሪውንና የተላኪውን ልዩነት ስለሚያሳይ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ለዊንች (ገመዱን ለሚያወርደውና ለሚያነሣው መሣሪያ)፣ ለራዳርና ለስኳድሮን ግን አዲስ ቃል አይፍጠሩ።

በመጨረሻ የጽሑፍ ፈቃድ ይቀበሉ፤ ማን ሊያዳምጠው እንደሚችልም ፈቃዱ ላይ ይግለጹ። የዳኑ ሰዎችን ስምና ሕመም ከሚሠራጨው ቅጂ ያውጡ፤ እነርሱ ፈቃድ አልሰጡምና። የመጀመሪያውን የድምፅ ፋይል ሳይቆርጡና ሳያጠሩ በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡ፤ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይስጡ። የተገለበጠውን ጽሑፍ በፖስታ ከመላክ ይልቅ ይዘው ይሂዱና ቆጠራው ያለበትን ገጽ ለገመድ አውራጁ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ቃሉ ትክክል ቢሆንም ፍጥነቱ ከተሳሳተ ያስቆሙዎታል፤ ያንንም እርማት ይቅረጹት።