አዳማ ላይ ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ለምታደርጉ
በውኃ የሚቀዘቅዝ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከፋብሪካው በላይ ስትጨምሩ፣ ኦቨርክሎክ ማለት ይሄው ነው፣ ቮልቴጁን አውቶ ላይ አትተዉት። ማዘርቦርዱ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይለቅበታል፣ ሙቀቱም ጣሪያ ይነካል። የእኔ ቆየት ያለ ኢንቴል ነው፣ ስሙ ላይ ኬ ያለበት፣ ማለትም ፍጥነቱ ያልተቆለፈ። 1.25 ቮልት ላይ አሰርኩትና መልቲፕላየሩን (ፍጥነቱን የሚወስነውን ማባዣ ቁጥር) አንድ አንድ እያልኩ ጨመርኩ። አንዷ 100 ሜጋኸርዝ ናት። በጨመራችሁ ቁጥር ሲነቤንች (ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይል የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም) ለ10 ደቂቃ አስኪዱበት፤ ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ወይ አንድ ውረዱ፣ ወይ 0.01 ቮልት ጨምሩ። እኔ በዚህ ቺፕ ከ1.35 አላልፍም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ጠዋት ሞክራችሁ አለቀ እንዳትሉ! ራዲያተሩ ውኃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፣ ስለዚህ የእኔው ጠዋት 72 ዲግሪ ላይ ረግቶ የነበረው፣ ከሰዓት የአዳማ ሙቀት ቤቱ ውስጥ ሲገባ 84 ደርሶ አየሁት። አሁን የመጨረሻውን ሙከራ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መስኮት ዘግቼ ነው የማደርገው። እዚያ ካለፈ ሌሊት አያስቸግርም።

ራዲያተሩንም በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። አቧራችንን ታውቁታላችሁ፣ ክንፎቹ መሃል እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚነጠፈው። የያዘላችሁን ሴቲንግ ደግሞ እዚያው ባዮስ ላይ ፕሮፋይል አድርጋችሁ አስቀምጡት።