ለገና ውጭ አገር ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከትኬቱ በፊት ምክንያቱን ለዩ

ለገና ውጭ አገር መሄድ እፈልጋለሁ ብሎ ለሚያማክረኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለምን?» የሚል ነው። ምክንያቱ ከተለየ አገሩም ቀኑም አብሮ ይለያል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የገና ገበያውን፣ መብራቱንና ሽር ጉዱን ማየት ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከበዓሉ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። በጀርመን የድሬስደን ገበያ ከ1434፣ በፈረንሳይ የስትራስቡርግ ደግሞ ከ1570 ጀምሮ የቆየ ነው። የጀርመኗ ኑረምበርግ ገበያ ግን ዲሴምበር 24 ይዘጋል፤ በማግስቱ ብትደርሱ የምታገኙት የተዘጋ የእንጨት ዳስ ነው። እኔ ብሆን በወሩ ሁለተኛ ሳምንት ሄጄ ለበዓሉ ቤቴ እመለሳለሁ። ትኬቱም በአብዛኛው በበዓሉ ሰሞን ካለው ይረክሳል።

ለጸሎት ከሆነ ቤተ ልሔም አለች። እዚያ ገና አንዴ ብቻ አይከበርም፤ ካቶሊኮች ዲሴምበር 25፣ ኦርቶዶክሶች ጃንዋሪ 7፣ አርመኖች ደግሞ ጃንዋሪ 19 ያከብራሉ። ስለዚህ በዲሴምበር ከሥራ ፈቃድ ያላገኘ ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ወደ ልደት ቤተ ክርስቲያን የሚያስገባው በር ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ነው፤ ጎንበስ ሳይል የሚያልፍ አዋቂ የለም። አዛውንት ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ አንዳችሁ ቀድማችሁ ግቡና እጃቸውን ተቀበሏቸው፣ ሌላው ከኋላ ይደግፋቸው። ክርስቶስ የተወለደበትን ቦታ የሚያመለክተው ባለ አሥራ አራት ጫፍ የብር ኮከብ ወዳለበት ዋሻ የሚያወርደው ደረጃም ጠባብ ስለሆነ በማለዳ መሄድ ይሻላል። የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ።

ሰዎች አፍ አውጥተው የማይናገሩት ሌላ ምክንያት አለ፤ ሐዘን። እናታችን ካረፈች በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ገና እኔና እህቶቼ ሲድኒ አሳለፍነው። ዲሴምበር እዚያ የሙቀት ወቅት ነው፤ የለመድነውን በዓል የሚያስታውስ ነገር አልነበረም። ታናሽ እህቴ እግሯን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ስለ እናታችን ማውራት ጀመረች፣ እኛም ቀጠልን፣ እስኪመሽ አወራን። ቤት ብንሆን ኖሮ ስናበስልና እንግዳ ስናስተናግድ አንዳችንም ሳንተነፍስ ቀኑ ያልፍ ነበር። ከሐዘን መሸሽ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ጉዞ ያሰበ ሰው ለዘመድ አዝማድ ቀደም ብሎ ይንገር፣ የሚሄደውም ቀኑ ከለመደው ወደማይመሳሰልበት ቦታ ይሁን። ጃፓንም ለዚህ ትመቻለች፤ ዲሴምበር 25 እዚያ ተራ የሥራ ቀን ነው፣ ሱቁም ባቡሩም እንደ ወትሮው ይሠራል። ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3 ግን ለአዲስ ዓመት ብዙ ነገር ይዘጋል።

ተራርቆ የሚኖር ቤተሰብን ለማግኘት ከሆነ ምንም ምክር አያስፈልግም፤ ሂዱ። ብቻ የመድረሻ ቀናችሁን አስተውሉ። ለንደን ዲሴምበር 25 የምድር ባቡርም የከተማ አውቶቡስም አይሠራም፤ ወይ በዋዜማው ግቡ፣ ወይ መኪና ያለው ሰው ይቀበላችሁ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ ፓስፖርታችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ብዙ አገሮች ከጉዞው በኋላ ስድስት ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ፤ የሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ከምትወጡበት ቀን በኋላ ሦስት ወር ይበቃቸዋል። የሸንገን ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ይችላል፤ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ነው። እስከዚያ መጠበቅ ግን አልመክርም፤ በበዓል ሰሞን ቀጠሮ ማግኘት ይከብዳል፣ ቆንስላዎችም ይዘጋሉ። ሴፕቴምበር ላይ ጀምሩ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን የጉዞ መድንም ይጠየቃል።

በረራውን በራሱ በዲሴምበር 25 ማድረግ የሚከፋው ብዙ ሰው ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ዋጋ የሚገኘው ያን ቀን ነው። መሸጋገሪያ ካላችሁ በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፊ ሰዓት ተዉ፤ የሰሜኑ አውሮፕላን ማረፊያዎች በዚህ ወቅት በበረዶና በጭጋግ ይስተጓጎላሉ። መድኃኒታችሁንና የልጆቹን ሙቅ ልብስ በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ሻንጣው ከእናንተ ኋላ ሊደርስ ይችላል።