ያገለገለ ጌም ቦይ ገዝታችሁ አልነሳ ካላችሁ

ባለፈው ሰመር ሜሪላንድ ውስጥ ከቤታችን ዝቅ ብሎ አንድ ቤተሰብ ጋራዥ ሴል (ያገለገለ ዕቃ በደጅ ሽያጭ) ዘርግቶ ነበር። ከአሮጌ ሳህኖችና ከልጆች ጫማ መሀል ግራጫው ጌም ቦይ፣ በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ኩባንያ ጌም ማጫወቻ፣ ጋደም ብሏል። «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በ15 ዶላር ወሰድኩት። የዚያኑ ዕለት ማታ ሠራ። አንድም የተቃጠለ ነገር አልነበረውም። ቆሽሾ ነበር፣ በቃ።

ከዚያ ወዲህ የጓደኛም የዘመድም እየተባለ ስምንት ያህል ከፍቻለሁ። እውነትም ሞተው ያገኘኋቸው ሁለቱን ብቻ ነው። የሌሎቹ በሽታ ዝገት፣ አቧራ ወይም የላላ ኬብል ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ያሳዝነኛል። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

የማወራው ስለ መጀመሪያው ጌም ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ስለወጣው፣ ወፍራሙና አራት የባትሪ ድንጋይ ስለሚበላው። ጀርባው ላይ ዲኤምጂ-01 የሚል ጽሑፍ አለው።

መጀመሪያ አብሩትና እዩት

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት አዲስ ድንጋይ ከትታችሁ አብሩት። ደህና የሆነ ጌም ቦይ ሲበራ ሦስት ነገር ያደርጋል። ከስክሪኑ በስተግራ ቀይ መብራት ይበራል። የኒንቴንዶ ስም ከላይ ወደ መሀል ይወርዳል። ስሙ ሲቆም «ዲንግ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሦስቱ የትኛው እንደመጣ፣ የትኛው እንደቀረ ልብ በሉ። ችግሩ የት እንዳለ የሚነግራችሁ ይኸው ነው።

ይህን ሁለት ጊዜ ሞክሩት፤ አንዴ ካሴት (ጨዋታው ያለበትን) ከትታችሁ፣ አንዴ ባዶውን። ባዶውን ሲበራ በኒንቴንዶ ስም ፋንታ ጥቁር ሳጥን መውረድ አለበት። ባዶውን በትክክል በርቶ ካሴት ሲገባ ከጠፋ፣ ጥፋቱ የካሴቱ ነው።

ጨርሶ አይበራም

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። እኔ ግን በጣም የምወደው ብልሽት ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናልና።

አራቱ ድንጋዮች ተከታትለው የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት፣ በድምሩ 6 ቮልት ይሰጣል። አንዱ ከደከመ ሌሎቹ ሦስቱ አዲስ ቢሆኑም ዋጋ የላቸውም። አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ቻርጅ የሚደረጉት ድንጋዮች በድምሩ 4.8 ቮልት ቢሆኑም ይሠራሉ።

ቀጥሎ የድንጋዩን ማስቀመጫ እዩ። ሞላዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት አለ? ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ዓመታት ሲቆይ ፈሳሽ ይተፋል። ከአልካላይን ድንጋይ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ቆዳ ይልጣል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ጓንት አድርጉ። የሚያረክሰው አሲድ ስለሆነ ኩሽናችሁ ያለው አቼቶ ወይም ሎሚ ይበቃል። የጆሮ ጥጥ ነክራችሁ ሞላውን እሹት። አረፋ ሊያወጣ ይችላል፤ አትደንግጡ። አቼቶው ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ግን ተጠንቀቁ። ከዚያ በአልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ። የማይለቅ ዝገት ካለ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉበት። ብረቱ ራሱ ተበልቶ ካለቀ አዲሱ ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል።

ሞላዎቹ ንጹህ ሆነው አሁንም ካልበራ በስተግራ ያለውን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ቀዳዳ ጠርጥሩ። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ማቋረጫ አለች። የአዳፕተር መሰኪያ ሲገባ ከድንጋዮቹ የሚመጣውን ኃይል ታቋርጣለች። እሷ ከዛገች ወይም ተቆልምማ ከቀረች፣ መሰኪያ ባይኖርም የድንጋዮቹ ኃይል እንደተቋረጠ ይቀራል። መሰኪያውን ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት አንዳንዴ ያላቅቃታል። ለዚህ ግን ግድግዳ ላይ የተሰካ አዳፕተር አትጠቀሙ። በአዳፕተር ማጫወት ካማራችሁም ይህን ያዙ፦ ጌም ቦይ 6 ቮልት ይፈልጋል፣ የመሰኪያው መሀል ደግሞ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ዛሬ ቤታችን ያሉት አዳፕተሮች አብዛኞቹ መሀላቸው ፖዘቲቭ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ አትስኩ።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። የጋራዥ ሴሉ ጌም ቦይ በሽታ ይህ ነበር። ምልክቱ ግልጽ ነው። ማብሪያውን ጫን ስትሉት መብራቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ወይም ጨዋታ መሀል ትንሽ ሲነቀነቅ እንደገና ከ«ዲንግ» ይጀምራል። ውስጡ ያሉት ብረቶች ስለዛጉ ነው። ድንጋዮቹን አውጡ። ማብሪያው ውስጥ የኮንታክት ማጽጃ (የኤሌክትሪክ መገናኛ ብረቶችን የሚያጸዳ ፈሳሽ) ወይም አልኮል ጠብ አድርጉና ሠላሳ አርባ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ይድረቅ። ሞክሩት። ካልሆነ ድገሙት። እኔ ሦስት ጊዜ ደግሜያለሁ።

ይህ ሁሉ አልፎ ዝም ካለ መክፈት ነው። ጀርባው ላይ ስድስት ብሎኖች አሉ፤ ሁለቱ ድንጋይ ማስቀመጫው ውስጥ ናቸው። ራሳቸው ሦስት ክንፍ ስላለው የተለየ ካቻቪቴ ይፈልጋሉ። በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ለመታገል አትሞክሩ፤ የብሎኑ ራስ ይበላና ሌላ ጣጣ ታመጣላችሁ። ሁለቱ ግማሾች በፍላት ኬብል (በጠፍጣፋ ሽቦ) ስለተያያዙ እንደ መጽሐፍ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቷቸው። ኬብሉን መንቀል ካስፈለገ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

አሁን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አምጡ። ጥቁሩን ጫፍ የድንጋዮቹ ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። በቀዩ ደግሞ 6 ቮልቱን ተከተሉ፤ ከሞላው ወደ መሰኪያው ቀዳዳ፣ ከዚያ ወደ ማብሪያው፣ ከዚያ ወደ ትንሿ የኃይል ቦርድ። የጠፋበት ቦታ የታመመው ቦታ ነው። ከኃይል ቦርዷ 5 ቮልት መውጣት አለበት። 6 ገብቶ 5 ካልወጣ የሞተችው እሷ ናት። አዲስ ተሠርታ ትሸጣለች፤ ስታኞ መንካት (መበየድ) ግን ይጠይቃል። ስታኞ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ እዚህ አትጀምሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። ከዚህ የደቀቀ ሥራ በየቀኑ ይሠራሉ።

መብራቱ በርቷል፣ ስክሪኑ ባዶ ነው

በስተግራ ያለችውን የኮንትራስት መዘውር (የሥዕሉን ጥቁረት የምታስተካክለውን) አዙሩ። ይህን የምለው አንዱ ጓደኛዬ «ሞቷል» ብሎ የሰጠኝን ጌም ቦይ በዚህች መዘውር ብቻ ስላስነሳሁት ነው። ሰፈርተኛው ልጅ እስከ መጨረሻው አዙሯት ነበር።

መዘውሯ ካልረዳች ጆሯችሁን ተጠቀሙ። «ዲንግ» ከተሰማ ዋናው ቦርድ እየሠራ ነው፤ ችግሩ ያለው በስክሪኑ በኩል ነው። ከሁሉ በፊት ፍላት ኬብሉን ነቅላችሁ ጫፉን በአልኮል ጠርጋችሁ መልሱ። ቀዩ መብራት፣ ስፒከሩና ቁልፎቹ ያሉት ከስክሪኑ ጋር በፊተኛው ግማሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከፍታችሁ ከዘጋችሁ በኋላ ሁሉም ነገር ድንገት ከጠፋ አትሸበሩ። ኬብሉ በደንብ አልገባም ማለት ነው።

ካሴት ገብቶ ጥቁር ሳጥን ወርዶ «ዲንግ» ብሎ ቆመ

ይህ የምሥራች ነው። ምክንያቱን ላስረዳችሁ።

ስታበሩት የምታዩትን የኒንቴንዶ ስም ጌም ቦዩ የሚያነበው ከካሴቱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ካሴት ላይ ለዚህ የተመደበ 48 ባይት አለ። ያንን አንብቦ ስክሪን ላይ ያወርደዋል። ከዚያ ራሱ ውስጥ ካለው ቅጂ ጋር ያስተያየዋል። ካልተመሳሰሉ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ የወረደው ሥዕል መሣሪያው ከካሴቱ ምን እንዳነበበ በቀጥታ ያሳያችኋል። ሙሉ ጥቁር ሳጥን ከሆነ ምንም አላነበበም። የተቆራረጠ ወይም የተዥጎረጎረ ጽሑፍ ከሆነ ከካሴቱ 32 ኮንታክቶች የተወሰኑት አልነኩም። ስክሪኑ፣ ድምፁና ፕሮሰሰሩ ግን ደህና ናቸው።

መፍትሄው ጽዳት ነው። የጆሮ ጥጥ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል አርጥባችሁ የካሴቱን ኮንታክቶች ጥረጉ። ጥጡ መጥቆሩ እስኪያቆም ቀያይሩ። ከዚያ ካሴቱ በአልኮል እንደረጠበ፣ ጌም ቦዩ ጠፍቶ፣ አሥር ጊዜ ያህል አስገቡና አውጡ። ቀዳዳውን የሚያጸዳው ይህ ነው። ሳይደርቅ አታብሩ።

ልጅ ሆነን ሁላችንም እፍ እንል ነበር። እባካችሁ እፍ አትበሉ። ኒንቴንዶ ራሱ አትንፉ ብሎ አስጠንቅቋል። የሚሠራ ይመስል የነበረው ካሴቱ ወጥቶ ስለተመለሰ ነው እንጂ በትንፋሹ አይደለም። የአፍ እርጥበት ቀስ በቀስ ብረቱን ያዝገዋል።

ስክሪኑ ላይ መስመሮች ጠፍተዋል

ስክሪኑ ወደ ጎን 160፣ ወደ ታች 144 ነጥቦች አሉት። ከላይ እስከ ታች የሚጠፉት ቀጥ ያሉ መስመሮች የዚህ ዕቃ የታወቀ በሽታ ናቸው። መስታወቱ ከኬብሉ ጋር የተያያዘው በስታኞ ሳይሆን በሙቀት በተጣበቀ ስስ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ከዓመታት በኋላ ይለቃል።

የፊተኛውን ቦርድ ከፕላስቲክ ሽፋኑ አውጡ። ኬብሉን ሰክታችሁ አብሩት፤ ሲድን በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ። የስታኞ ማቅለጫችሁን በሚቻለው ዝቅተኛ ሙቀት አድርጉ። ከስክሪኑ ግርጌ መስታወቱና ኬብሉ የተጣበቁበት ጠርዝ ላይ ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ ጎትቱት። ጫን ጫን ማለት ያስፈልጋል፤ አንድ ቦታ ላይ ማቆም ግን አይፈቀድም። መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ ማየት ልብ ይሞላል። ሙቀቱ ከበዛ ግን ኬብሉ ይቃጠላል፣ መመለሻም የለውም። መጀመሪያ በሌላ የሞተ ቦርድ ላይ እጃችሁን አለማምዱ።

አግድም የጠፉ መስመሮች ከዚህ ይከብዳሉ። መስታወቱ ተሰንጥቆ እንደ ቀለም የፈሰሰ ጥቁር ነገር ካያችሁ ደግሞ አይጠገንም። ለጌም ቦይ የተሠሩ አዳዲስ ስክሪኖች ይሸጣሉ። ብርሃናቸው ያምራል። እኔ የድሮውን አረንጓዴ እመርጣለሁ፤ ያ ግን የኔ ምርጫ ነው።

መልኩ ብቻ ተበላሽቶ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ተቃጥሎ ፕላስቲኩ የቀለጠ ጌም ቦይ ኒውዮርክ በሚገኘው የኒንቴንዶ መደብር ለዓመታት ቴትሪስ የሚባለውን ጨዋታ እያሳየ ቆይቷል።

ድምፅ የለም

ኢርፎን ሰክታችሁ ስሙ። በኢርፎን ከተሰማ ስፒከሩ ወይም የኢርፎኑ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ኢርፎን ሲገባ ስፒከሩን ይዘጋል፤ ሲዝግ እንደዘጋ ይቀራል። አልኮል ጠብ አድርጋችሁ መሰኪያውን ሃያ ጊዜ አስገቡና አውጡ። ካልሆነ ከስፒከሩ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች መበጠሳቸውን እዩ። ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የድምፅ መዘውሩ ቆሽሿል፤ የኮንታክት ማጽጃ ነፍታችሁ አዙሩት።

ቁልፎቹ እምቢ ካሉ ከሥራቸው ያለውን ላስቲክና የቦርዱን ጥቁር ነጥቦች በአልኮል ጥረጉ። አትፈግፍጉ፤ ካርቦኑ ይለቃል።

ጨዋታው አይቀመጥም

ይህ የጌም ቦዩ ጥፋት አይደለም። ሴቭ የሚያደርጉ ብዙ ካሴቶች ውስጣቸው ጠፍጣፋ የሳንቲም ባትሪ አለ። እሱ ሲያልቅ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ካሴቱን ለመክፈት የ3.8 ሚሊሜትር ልዩ ካቻቪቴ ያስፈልጋል። የባትሪውን ቁጥር ፊቱ ላይ አንብባችሁ ያንኑ ግዙ፤ ግን ብረት እግር የተበየደለትን ምረጡ። ስታኞውን በቀጥታ ባትሪው ላይ አታሳርፉ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ባትሪው ሲወጣ የድሮው ሴቭ እንደሚጠፋም እወቁ። የልጅነት ጨዋታችሁ አሁንም በሕይወት ካለ፣ ከመንካታችሁ በፊት አንዴ ከፍታችሁ ተሰናበቱት።

ስትገጥሙ ብሎኖቹን እስኪይዙ ብቻ አጥብቁ። ፕላስቲኩ አርጅቷል፣ ይሰነጠቃል። ድንጋዮቹንም የማትጫወቱ ከሆነ አውጡ።

ሁለቱን የሞቱትን አልጣልኳቸውም። ከአንዱ የድንጋይ ክዳን፣ ከሌላው ስፒከር አውጥቼ ሁለት ሌሎች አስነስቻለሁ። የቀሩት ቦርዶቻቸው አሁን የወንድሜ ልጅ ስታኞ የሚለማመድባቸው ናቸው።