የጂአርኢ ድርሰት፦ ሽምደዳውን ተዉት

አሜሪካ ለማስተርስ ወይም ለፒኤችዲ ልታመለክቱ ነው? የምታመለክቱበት ትምህርት ክፍል ጂአርኢ (GRE) የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ከጠየቃችሁ፣ በቆየ መጽሐፍ እንዳትደክሙ። ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ ፈተናው አጥሯል። ድሮ ሁለት ድርሰት ነበር፣ አሁን አንድ ብቻ ነው፤ 30 ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ደግሞም መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። የሌላ ሰውን መከራከሪያ የምትተቹበት ክፍል ቀርቷል፣ መጽሐፋችሁ ላይ ካያችሁት ዝለሉት።

ጥያቄዎቹ ምስጢር አይደሉም። አዘጋጁ ኢቲኤስ ዝርዝሩን ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦታል፣ ፈተና ላይ የሚመጣውም ከዚያው ነው። መልስ መሸምደድ ግን አያዋጣም። ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው፣ ኢቲኤስም ተመሳሳይ ጽሑፍ የሚለይ ሶፍትዌር አለው፤ የተቀዳ ድርሰት ውጤት ሊያሰርዝባችሁ ይችላል።

ከዝርዝሩ አንዱን እንይ። የአንድን ማኅበረሰብ ዋና ዋና መገለጫዎች ለመረዳት ትልልቅ ከተሞቹን ማጥናት ግድ ነው ይላል። ብዙ ሰው “ከተማ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ማዕከል ስለሆነ እስማማለሁ” ብሎ ያንኑ በሦስት አንቀጽ ይደጋግመዋል። ይሄ ማንንም አያሳምንም። እስቲ ወደ አገር ቤት ዞር በሉ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚኖረው ገጠር ነው። በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚተላለፍበትን የገዳ ሥርዓት ማወቅ የፈለገ ተመራማሪ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የትም አይደርስም፣ ቦረና መውረድ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አንድ ሰፈር ውስጥ እንዴት ተጎራብቶ እንደሚኖር፣ እድር እንዴት እንደሚያቋቁም የሚታየው እዚያው አዲስ አበባ ነው። አሁን አቋም አገኛችሁ፦ ከተማ የሚያሳየው ነገር አለ፣ የአገሩ ዋና ነገር ገጠር ከሆነ ግን አይበቃም። አራሚው ገዳን ላያውቅ ስለሚችል በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱት።

ከጥያቄው ሥር ያለችውን መመሪያ በጣም አደራ። አንዳንዴ አባባሉ የማይሠራበትን ሁኔታ አስረዱ ትላለች፣ አንዳንዴ ሐሳቡ ሥራ ላይ ቢውል የሚያስከትለውን ነገር ትጠይቃለች። እሷን ሳትመልሱ ብታልፉ፣ እንግሊዝኛችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ነጥብ ታጣላችሁ።

ስትለማመዱ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ለማሰብ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ መልሶ ለማንበብ። የፈተናው ኮምፒውተር ቆርጦ መለጠፍ ይችላል እንጂ ስፔሊንግ አያርምላችሁም፣ ስለዚህ ስትለማመዱ የስፔሊንግ ማረሚያውን አጥፍታችሁ ጻፉ። ስልክ ላይ ብቻ መጻፍ የለመዳችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጣታችሁን ኪቦርድ አስለምዱ፣ ሐሳብ እያለ ሰዓት ማለቁ ያናድዳል።

ውጤቱ ከ0 እስከ 6 ነው፣ በግማሽ ነጥብ እየጨመረ። ጥቃቅን የሰዋስው ስህተት 6 ከማግኘት አያግድም፣ ስለዚህ በእያንዳንዷ ቃል አትጨነቁ። ኢቲኤስ የተለያየ ነጥብ ያገኙ ናሙና ድርሰቶችን ከአራሚው አስተያየት ጋር አውጥቷል። 6 ያገኘውንና 4 ያገኘውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ምሳሌው የቱ ጋ እንደሳሳ በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ።