የድሮ የፍቅር ፊልም ፖስተር ቅጂ እንዴት ይታተማል?

መጀመሪያ ሊባዛ የሚችል ፖስተር ይምረጡ። በአሜሪካ ሕግ የዚያ ዘመን ኅትመቶች የቅጂ መብት ቢበዛ በ95 ዓመት ስለሚያበቃ፣ ሩዶልፍ ቫለንቲኖ የተወነበትና እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው ድምፅ አልባ ፊልም የ«ዘ ሺክ» ፖስተር እዚያ ያለ ፈቃድ ሊታተም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው ፊልም «ካዛብላንካ» ፖስተር ግን ይህን ዕድሜ ስላልሞላ፣ ፈቃድ ካለው አሳታሚ የተዘጋጀ ቅጂ መግዛት ይሻላል።

ቀጥሎ መጠኑን ያስሉ። የዘመኑ መደበኛ የአሜሪካ ፖስተር 27 በ41 ኢንች፣ ማለትም 68.6 በ104 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ምስሉ በኤ1 ወረቀት (59.4 በ84.1 ሴንቲ ሜትር) ቁመት ልክ ሲታተም ስፋቱ 55.4 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል፤ ይህን ለመሙላት ምስሉን ወደ ጎን መለጠጥ የተዋንያኑን ፊት ያበላሻል። የፋይሉ ረጅሙ ጎን ቢያንስ 6,600 ፒክስል፣ ቢቻል 9,900 ይሁን።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው እድሳቱ ነው። አብዛኞቹ ፖስተሮች እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ወደ ሲኒማ ቤቶች የሚላኩት ታጥፈው ስለነበር፣ አንድ የቁም መስመርና ሦስት አግድም መስመሮች ይታዩባቸዋል። የፍቅር ፊልም ፖስተር ላይ ደግሞ ጥንዶቹ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ በመሆኑ፣ የቁሙ እጥፋት ልክ በፊታቸው መካከል ያልፋል። በፎቶሾፕ ቀለሙ የተላጠበትን የፊት ክፍል ብቻ ይጠግኑ፤ የቀረውን እጥፋት ማደብዘዝ ይበቃል። ሁሉንም ጠርጎ ማጥፋት፣ በእኔ አስተያየት፣ ፖስተሩን ትናንት የተሠራ ያስመስለዋል። የወየበውንም ጠርዝ ፍጹም ነጭ አያድርጉት።

ማተሚያ ቤት ሲሄዱ የባነር ፕላስቲክ እንዳይጠቀሙልዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ የማያብረቀርቅ፣ ወፈር ያለ ወረቀት ይጠይቁ። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ፊትና ጥቂት የርዕሱ ፊደላት ያሉበትን ክፍል በትክክለኛ መጠኑ አሳትመው በቀን ብርሃን ይዩት፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ደማቅ የነበረ ቀይ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ይጠቁራል።

ፍሬም ሲያስገቡ መስተዋቱ ወረቀቱን እንዳይነካው በመካከላቸው የካርቶን ጠርዝ ያስደርጉ፤ ቀጥተኛ ፀሐይም አያግኘው። ከመታሸጉ በፊት በጀርባው ላይ በእርሳስ «ቅጂ» ብለው የታተመበትን ዓመት ይጻፉ፤ እጥፋቱና ወይባነቱ የተጠበቀለት ቅጂ እጅ ሲለውጥ እንደ ኦሪጅናል ሊሸጥ ይችላልና።