ውድቀት በራሱ አያስተምርም፦ ተቃውሞና መሰናክል ሲገጥም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሥራው የተሰናበተ፣ ማመልከቻው ውድቅ የሆነበት ወይም ሐሳቡ በስብሰባ መካከል የተጣጣለበት ሰው ከወዳጆቹ የሚሰማው ማጽናኛ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይህም ለበጎ ነው፤ ያጠነክርሃል»። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም እውነትነቱ ግማሽ ነው። ያው መሰናክል አንዱን ሲያበስል ሌላውን አስመርሮ ያስቀረዋል። ልዩነቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትና ወራት ሰውየው ከሚያደርገው ነው። ቀጥለው የተዘረዘሩት ስህተቶች ደግሞ ትጉሃንና አስተዋይ የሚባሉትን ጭምር ይጥላሉ።

ውድቀቱ ራሱ እንዲያስተምረን መጠበቅ

ሎረን ኤስክራይስ-ዊንክለር እና አየለት ፊሽባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች ሁለት አማራጭ ብቻ ያላቸውን ጥያቄዎች አቀረቡ። አማራጩ ሁለት ስለሆነ «ልክ ነህ» የተባለውም «ተሳስተሃል» የተባለውም ትክክለኛውን መልስ እኩል ያውቃል። ይሁንና በኋላ ሲፈተኑ፣ ተሳስታችኋል የተባሉት ይዘው የተገኙት ትምህርት ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከክብር መነካት ጋር ያያይዙታል፤ ሰው ሲሳሳት ያመዋል፣ ሲያመው ደግሞ ፊቱን ያዞራል። የሌላ ሰው ስህተት ሲያዩ ግን ከስኬት ባልተናነሰ ተምረውበታል።

ለእኔ የዚህ ጥናት ትልቁ ጥቅም መፍትሔውን አብሮ መጠቆሙ ነው። የደረሰብዎትን ነገር በሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ አድርገው ይጻፉት። «እሱ ምን ለማድረግ አስቦ ነበር? የትኛውን ምልክት አይቶ አለፈ? ማንን መጠየቅ ነበረበት?» እያሉ ሲጽፉ፣ ለወዳጅዎ የማይሰስቱትን ቅን ፍርድ ለራስዎም መስጠት ይችላሉ።

ሥራው ሲነቀፍ ራስን ለማዳን መሯሯጥ

«ይህ ዘገባ ክፍተት አለበት» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው «አንተ አትረባም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ የሚያልቀው ዘገባውን በማረም ሳይሆን ማንነቱን በመከላከል ላይ ይሆናል። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ለሠራተኞችና ለተማሪዎች ከተሰጡ አስተያየቶች ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የሥራ ውጤትን እንዳሻሻሉት ሳይሆን እንደቀነሱት አገኙ። ትኩረቱ ከሥራው ወደ ሰውየው ማንነት በዞረ ቁጥር የአስተያየቱ ጥቅም ይደክማል የሚል ማብራሪያም ሰጡ። ስለዚህ ነቃፊው በጅምላ ከተናገረ ወደ ሥራው የመመለሱን ኃላፊነት እርስዎ ይውሰዱት፦ «የትኛው ገጽ ላይ? የትኛው ስሌት?» ብለው ይጠይቁ። ተጨባጭ መልስ ካገኙ ትርፉ የእርስዎ ነው፤ ካላገኙም ነቀፋው ምን ያህል ክብደት እንደሚገባው አወቁ ማለት ነው።

ተቃዋሚን ሁሉ ምቀኛ ማለት

ምቀኝነት አለ፤ የለም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን «ቀንቶብኝ ነው» የሚለው ማብራሪያ ለሁሉም ዓይነት ተቃውሞ ስለሚስማማ አደገኛ ነው። አንዴ ከለመድነው ማንም ምንም ቢለን የምንማርበት በር ይዘጋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ክፉ የተመኘልን ሰው እውነት ሊናገር ይችላል። የተናጋሪው ልብና የንግግሩ እውነትነት ለየብቻ የሚመዘኑ ጉዳዮች ናቸው፤ እንዲያውም ጉድለታችንን አጥብቆ የሚፈልገው የማይወደን ሰው ስለሆነ ወዳጅ በይሉኝታ ያለፈውን ሊያገኝ ይችላል።

ቻርልስ ዳርዊን በዚህ ረገድ ጠንካራ ልማድ ነበረው። ከድምዳሜዎቹ ጋር የሚጋጭ ማስረጃ ወይም ሐሳብ ሲያጋጥመው ሳይውል ሳያድር በማስታወሻ ያሰፍረው ነበር፤ የማይመች ነገር ከሚመቸው ይልቅ ከአእምሮ ቶሎ እንደሚጠፋ አስተውሎ ነበርና። ተቃዋሚዎቹ ምን እንደሚሉት አስቀድሞ ያውቅ የነበረው በዚህ ነው።

እልህን እንደ ዕድገት መቁጠር

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህኛውን ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ጥንካሬ ይመስላል። እልህ የያዘው ሰው ሌሊት ይሠራል፣ አይሰበርም፣ አይለምንም። ግን የሚሠራው ለማን ነው?

የሃንጋሪ ተወላጁን ሐኪም የኢግናዝ ሴመልቫይስን ታሪክ እንመልከት። በቪየና ሆስፒታል ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር፣ አዋላጆች ከሚሠሩበት ክፍል በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ሐኪሞቹ አስከሬን ከሚመረመርበት ክፍል ተነስተው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ እንደሚመጡ ሴመልቫይስ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1847 እጃቸውን ክሎሪን ባለበት ውህድ እንዲታጠቡ አደረገ፤ ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ወር ከ18 በመቶ በላይ የነበረው ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ።

እውነቱ በእጁ ነበር። ብዙ ባልደረቦቹ ግን አልተቀበሉትም፤ በከፊል የአሠራሩን ምክንያት ገና ማስረዳት ስላልተቻለ፣ በከፊልም «የምትገድሉት እናንተ ናችሁ» የሚል ክስ ስለሰሙበት። እሱም ሥራውን በዝርዝር በመጽሐፍ ያሳተመው ከ14 ዓመት በኋላ በ1861 ነው። ለተቃዋሚዎቹ በጻፋቸው ግልጽ ደብዳቤዎች ደግሞ ነፍሰ ገዳዮች አላቸው። በ1865 ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተወስዶ በ47 ዓመቱ እዚያው ሞተ።

ማስረጃውን የገፉት ሰዎች ጥፋት ከእሱ ጥፋት እንደሚበልጥ አልጠራጠርም። ቢሆንም የዘገየው መጽሐፍና የተወረወረው ስድብ ዋጋቸውን የከፈሉት ሳይታጠብ በመጣ እጅ የሞቱ እናቶች ናቸው። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ እናቶቹን ለማዳን ግን ያስፈልግ የነበረው አሳማኝ ጽሑፍ፣ ትዕግሥትና ወዳጅ ማፍራት ነበር።

እልህ ይዞዎት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጥያቄ በቂ ነው፦ ተቃዋሚዬ ይህን ጉዳይ ዛሬ ጨርሶ ቢረሳው እኔ ሥራውን እቀጥላለሁ? መልሱ «አይ» ከሆነ መንገዱን የመረጠልዎት ተቃዋሚዎ ነው።

ነገሩን እያመላለሱ ማብሰልሰል

«ለምን እኔ? እንዲህ ብዬው ቢሆንስ?» እያሉ ሌሊቱን ማንጋት ማሰብ ይመስላል፤ ወደ ውሳኔ ግን አያደርስም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ይህ ዓይነቱ ማብሰልሰል የድብርት ስሜትን እንደሚያራዝም አሳይታለች። መጻፍ ይረዳል። ጄምስ ፔኒቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ ተደረገ። ድርጊቱንም ስሜታቸውንም አያይዘው የጻፉት በጊዜው ቢከፋቸውም በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው። ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ማብሰልሰል ግን መጨረሻ የለውም።

ቁስሉ ሳይደርቅ ትምህርት መፈለግ

ከከባድ ጉዳት በኋላ ስለሚታይ ዕድገት በስፋት ያጠኑት ሪቻርድ ቴደስኪና ሎውረንስ ካልሁን፣ ዕድገቱ የሚመነጨው ከጉዳቱ ሳይሆን ሰው ከጉዳቱ ጋር ከሚያደርገው ትግል እንደሆነ፣ ሕመሙም አብሮት ሊቆይ እንደሚችል ያስረዳሉ። እንግዲህ ትናንት የተጎዳን ሰው «ምን ተማርክበት?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው። ራስንም እንዲሁ።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ተቃውሞ ትምህርት አይደለም፤ በደል ነው። በማንነቱ ምክንያት የሚገፋ ወይም በየቀኑ የሚዋረድ ሰው «ራሴን ላሻሽል» እያለ ሊቀመጥበት አይገባም። አቤት ማለት፣ ሕግ መጠየቅ ወይም ቦታውን ለቅቆ መሄድ ሽንፈት አይደለም።

በውጤቱ ብቻ ውሳኔን መኮነን

ጆናታን ባሮንና ጆን ሄርሺ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የአንድን ሐኪም የቀዶ ሕክምና ውሳኔ እንዲገመግሙ አደረጉ። ውሳኔው ያው፣ የአደጋው መጠን ያው ሆኖ ሳለ ታካሚው ሞተ ሲባል ሐኪሙ በደንብ እንዳላሰበ ተቆጠረ። እኛም በራሳችን ላይ ይህንኑ እናደርጋለን፤ ያልተሳካ ነገር ሁሉ ስህተት ይመስለንና ጥሩ አሠራራችንን አብረን እንጥላለን።

ከባድ ውሳኔ ሲወስኑ ቀኑን፣ በዚያ ሰዓት የሚያውቁትንና ይሳካል ብለው የገመቱትን ያህል በሁለት መስመር ይጻፉ። ነገሩ ከከሸፈ መጀመሪያ የሚነበበው ይህ ማስታወሻ ነው። በዚያን ጊዜ ሊያውቁት ይገባ የነበረና ያልጠየቁት ነገር ካለ እሱን ያርሙ፤ ማንም ሊያውቀው ያልቻለ ነገር ከሆነ ግን አሠራርዎን አይቀይሩ።